የእምቧይ ላሞች

ቦንጋ እንደመጣን የተከራየነው ቤት ጓሮው በእንሰትና በቡና ተክል የተሞላ ነበር። ከእንሰቱ ጀርባ፣ የዝናብ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ዳር፣ አጥሩን ተጠግቶ እምቧይ በቅሏል። ማንም አልተከለውም፣ ማንም አይኮተኩተውም። ግንዱም ቅጠሉም እሾህ ለብሷል፤ ቁመቱ ከወገቤ አያልፍም። አበባው ግን ያምራል። ወይን ጠጅ ነው፣ መሐሉ ላይ ቢጫ ጫፍ ሹል ብሎ ወጥቷል፣ አንገቱን ወደ መሬት ደፍቶ ነው የሚያብበው። አበባው ሲረግፍ አረንጓዴ ፍሬ ይይዛል፣ ፍሬው ሲበስል ደግሞ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ይሆናል። እኔ ጎጃም ነው ያደግሁት። እዚያ እምቧይ በየመንገዱ ዳር ስለሚበቅል፣ እዚህ በማላውቀው አገር ጓሮ ውስጥ ሳየው እንደ ዘመድ ሰላም ልለው ምንም አልቀረኝም።

በዚያን ጊዜ ልጃችን ገና ትራስ ተደግፋ መቀመጥ የጀመረች ነበረች። እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ባለቤቴ የመንገድ ሥራ ላይ ነው፤ ሥራው ቢታ ገነት በኩል ስለነበረ ቤት የሚመጣው ሲመቸው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። የወሊድ ፈቃዴ አልቋል። ልጅ የምትይዝልን አንዲት ሠራተኛ ቀጥረን ነበር፤ ሳትሰነብት ወደ ወላጆቿ ተመለሰች። እኔ የጠዋት ክፍለ ጊዜ አለኝ፣ ልጄን ታቅፌ በር ላይ ቆሜ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኛል።

አከራያችን ከፊት ለፊታችን ባለው ቤት የሚኖሩ የካፋ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ያለቻቸው ልጅ አንዲት ናት፣ እሷም ጅማ ነው የምትኖረው። ሁሉም እትዬ ይላቸዋል፣ እኔም እትዬ እላቸው ነበር። በራችን ላይ ቆሜ ሲያዩኝ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ እኔ መጡ።

«መምህርት፣ ምን ሆንሽ?»

«ሠራተኛዋ ሄደች፣ እትዬ። ክፍል መግቢያ ሰዓቴ ደርሷል።»

«ታዲያ ለምን ትቆሚያለሽ? ስጪኝ።»

ሰጠኋቸው። ልጄ ለሰው የማትሄድ ነበረች፤ ወደ እሳቸው ግን ጉንጫቸውን ለመያዝ እጇን እየዘረጋች ሄደች። ያን ዕለት ቀኑን ሙሉ እያስተማርኩ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ልጄን የሚይዙልኝ እሳቸው ሆኑ። ማመስገኔ ግን ብዙ አልቆየም።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ማታ ማታ ስመለስ ነው። ልጄ በእትዬ ጀርባ ላይ ታዝላ ታየኛለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ከዚያ ፊቷን መልሳ ትከሻቸው ውስጥ ትቀብረዋለች። «ነይ» ስላት አንገታቸውን ይበልጥ ታጠብቃለች። እትዬ «ጨዋታ ነው» ይሉኛል። እኔም «አዎ፣ ጨዋታ ነው» እላለሁ። ወስጄ ቤት ሳስገባት ታለቅሳለች። ጡት ስሰጣት ትተኛለች። ጡት ካስጣልኳት በኋላ ግን ያም መላ ቀረ።

አፏን የፈታችው በካፋዎቹ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ በእትዬ ደጃፍ ተቀምጣ አንድ ቃል ደጋግማ ስትል ሰማሁ። ቃሉን አላውቀውም፤ ያለችው ግን ጥርት አድርጋ ነው።

«ምን እያለች ነው፣ እትዬ?»

እሳቸው ዓይናቸውን ወደ በቆሎው ሰፌድ መለሱ። «እናቴ ማለት ነው» አሉኝ።

«ማንን ነው የምትለው?»

«ልጅ አይደለች? ያየችውን ሁሉ ትላለች።»

ያየችውን ሁሉ አልነበረም። እኔ ራሴ ቆሜ አይቻለሁ፣ ቃሉን ያለችው እሳቸውን እያየች ነው። እኔን ደግሞ እሳቸው የሚጠሩኝን ሰምታ «መምህርት» ማለት ጀመረች። ጎረቤቶች ይስቃሉ። ባለቤቴ ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ስልኩን አውጥቶም ቀረጻት። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን የእንፋሎት ድስቱን ክዳን ምድጃው ላይ ወረወርኩት።

ይህን ስጽፍ እትዬን መጥፎ ሰው እንዳላስመስላቸው እፈራለሁ። አንድም ቀን ልጄን አላስራቧትም፣ አላስለቀሷትም። እኔ ከወረቀት እርማት ቀና ሳልል እሳቸው ልጄን አጥበው፣ ቀብተው፣ አብልተው ያመጡልኛል። ውለታቸው በበዛ ቁጥር ግን ሆዴ ይበልጥ ይቃጠል ነበር። ያስቀየሙኝ ቢሆን እኮ ጥሩ ነበር፤ ልጄን ይዤ ሌላ ቤት እገባ ነበር። ምንም ምክንያት አልሰጡኝም።

ልጄ ሦስት ዓመት ሞልቷት ነበር። ክረምቱ አልፎ እምቧዩ ፍሬው ቢጫ ሆኖ፣ በአንዱ በኩል ገና እያበበ፣ በአንዱ በኩል ፍሬው እየተሰነጠቀ ነው። ትምህርት የሌለበት ቀን ስለነበረ አንድ ነገር አሰብኩ። እኔ ልጅ ሳለሁ በእምቧይ ፍሬ ላም እንሠራ ነበር። ፍሬው ገላዋ ነው፤ አራት ጭራሮ ትሰካለህ እግር ይሆናል፣ ሁለት እሾህ ትሰካለህ ቀንድ ይሆናል። ከወንድሞቼ ሁሉ የእኔ ላሞች ያምሩ ነበር። ልጄ ገና ሆዴ ውስጥ ሳለች ጀምሮ ይህን አስባለሁ፤ አድጋ አብረን ላም እንሠራለን እላለሁ። ልብሷንም ምግቧንም ሌላ ሰው ሊሰጣት ይችላል፣ ይሄ ግን ከእኔ ብቻ የምታገኘው ነው።

እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ እሾሁን እየሸሸሁ ትልልቁን ፍሬ ለቀምኩ። ከመጥረጊያ ላይ ጭራሮ ሰበርኩ። በረንዳችን ላይ ተቀምጬ አንዲት ላም ሠራሁ፤ ቆመች፣ አልወደቀችም። ልቤ እንደ ልጅ እየመታ ጠራኋት።

«ነይ፣ ምን እንደሠራሁልሽ እዪ!»

መጣች። ቁጢጥ ብላ አየቻት። አዞረቻት። ከዚያ ቀና ብላ በጣም በቁም ነገር፣ «ጡት የላትም» አለችኝ።

«ምን?»

«ይቺ ጡት የላትም። በምን ትታለባለች?»

ተነስታ ወደ እትዬ በረንዳ ሮጠች። ከአግዳሚ ወንበር ሥር አንድ አሮጌ ቅርጫት እየጎተተች መጣች። ቅርጫቱ ውስጥ መንጋ አለ። ላሞች፣ ጥጆች፣ አንድ ኮርማ። አንገታቸው ላይ ከእንሰት ቃጫ የተፈተለ ገመድ ታስሯል። ላሞቹ ሆዳቸው ሥር ገና ያልበሰለ፣ ጥፍር የሚያህል አረንጓዴ ፍሬ በእሾህ ተሰክቶላቸዋል፤ ያ ጡታቸው ነው። አንዳንዱ ደርቆ ጠቁሯል፣ አንዳንዱ የትናንት ነው። ልጄ እያወጣች በረንዳዬ ላይ ደረደረቻቸው። የእኔዋን ከዳር አቆመቻት።

«ማን ሠራልሽ?» አልኳት፣ እያወቅሁ።

በካፊኖኖ «እናቴ» አለችኝ።

ሌላ ሌላውን ሁሉ ችዬ ነበር። ጀርባቸውንም፣ ቋንቋቸውንም፣ ማታ ማታ የምታለቅስላቸውንም። ይሄን ግን መቻል አቃተኝ። ቀና ስል እትዬ በራቸው ላይ ቆመው ያዩናል። ላሜን አንስቼ ቤት ገባሁ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ልጄ ጓሮ ስትሮጥ የደረቀ የእምቧይ ቅርንጫፍ ረገጠች። ጩኸቷን ሰምቼ ከኩሽና ወጣሁ። እሾሁ ተረከዟ ውስጥ ገብቶ ተሰብሯል፣ ጥቁር ጫፉ ብቻ ይታያል። አቅፌ አልጋ ላይ አስቀመጥኳት። ወረንጦ፣ አልኮልና ጥጥ አዘጋጀሁ። እንኳን ይሄን፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ተማሪ እጁን ሲቆርጥ ስንቱን አክሜያለሁ። እግሯን ስይዘው ግን ረገጠችኝ። ቀስ ብዬ ለመንኳት፣ ከረሜላ አሳየኋት፣ አባባ ይመጣል አልኳት። ዓይኗን ጨፍና እትዬን ነው የምትጠራው፤ በዚያች በካፊኖኖ ቃል፣ ግቢው እስኪሰማ።

እትዬ መጡ። በሩ ላይ ቆሙ። «ልግባ?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ በፊት ጠይቀው ገብተው አያውቁም።

«ይግቡ» አልኩ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እግሯን ጭናቸው ላይ አደረጉ። የሆነ ነገር በለሆሳስ እያሉ ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ዙሪያውን አሹት። ልጄ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ ዝም አለች። እትዬ ሳያዩኝ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ወረንጦውን ሰጠኋቸው። አወጡት። ልጄ አላለቀሰችም። እኔ ጥጡን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። አልኮሉ ጣቴ ላይ ተነነ፣ ጥጡ ደረቀ፣ ማንም አልጠየቀኝም።

ባለቤቴ በሚቀጥለው ሲመጣ ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ፣ «ያን እምቧይ ንቀልልኝ» አልኩት።

«ምን አደረገሽ?»

«ልጅ እየወጋ ነው።»

«በጫማ ብትሄድስ?»

«ንቀልልኝ አልኩህ!»

ፊቴን አይቶ ዶማ አነሳ። እምቧይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ሥሩ ግን ይሄዳል፣ ይሄዳል። ባለቤቴ ከቦዩ እስከ አጥሩ ቆፈረ፣ ሸሚዙን አወለቀ፣ ሰደበው። እትዬ እጃቸውን አጣምረው ቆመው «ቡናዬን እንዳትነኩ» ብቻ አሉ። ልጄ የእሳቸው ቀሚስ ውስጥ ገብታ ታለቅሳለች፤ ላሞቿ እንደሚራቡ ነው የገባት፣ ወይም እንደዚያ ያለ ነገር። የተቆፈረውን ቅርንጫፍ ከነአበባው ከምረን አደረቅነው፣ ሲደርቅም አቃጠልነው። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። አንድ ነገር ከዚያ ግቢ በእኔ ትእዛዝ ወጣ።

ዝናቡ ሲመለስ እምቧዩም ተመለሰ። ዶማው ሥሩን ቆራርጦት ስለነበረ አንዱ ሥር የነበረው ብዙ ሆኖ ነው የበቀለው፤ በቦዩም በአጥሩም በእንሰቱ መሐልም። ባለቤቴ ሲያየው «በቃ፣ እርሻ አስጀመርሽኝ» ብሎ ሳቀ። ዳግመኛ ንቀል አላልኩትም።

በሚቀጥለው በጋ እትዬ ዘመድ ሞቶባቸው ማንኪራ ወደሚባለው ገጠር ለቅሶ ሄዱ። እኔ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ከልጄ ጋር ቀረሁ። ጠዋቱ ጥሩ ነበር። ገንፎ አብረን በላን፣ ጸጉሯን ሠራሁላት፣ ሁለት ጊዜ እንድፈታና እንደገና እንድሠራ ፈቀደችልኝ። ከዚያ እኔ በር ላይ ተቀምጬ ፈተና ሳርም እሷ ጓሮ ትጫወታለች፤ ድምጿ ይሰማኛል። ድምጿ ሲጠፋ ተነሳሁ።

እንሰቱ ሥር ተቀምጣለች። እጇ ላይ የተነከሰ ቢጫ እምቧይ አለ። አገጯ ረጥቧል፣ የውስጡ ጥቃቅን ፍሬዎች ከንፈሯና ቀሚሷ ደረት ላይ ተለጥፈዋል። እምቧይ መርዝ እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ እኔ ደግሞ ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ፣ ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ። ማወቄ አንዳች አልጠቀመኝም። ጮህኩ።

«በላሽው? ዋጥሽው? ንገሪኝ! ዋጥሽው ወይ?»

ጩኸቴ አስደነገጣት። አፏን ዘጋች። ጣቴን አፏ ውስጥ አስገብቼ ጠረግሁ፣ በውሃ አጉመጠመጥኳት፣ አቅፌያት ወደ መንገድ ሮጥኩ። ያገኘሁት ባጃጅ ሰው ጭኖ ነበር፤ ተሳፋሪዎቹ ልጄን ሲያዩ ራሳቸው ወረዱልኝ።

ሆስፒታል የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነው፣ እንደ እኔው ከሌላ አገር የመጣ። ዓይኗን በባትሪ አየ፣ የልብ ምቷን ሰማ።

«ምን ያህል ዋጠች?»

«አላውቅም።»

«ቅድም ነው ወይስ ቆየ?»

«አላየሁም። ዶክተር፣ ዞር ብዬ ነበር።»

እሱ ራሱ ልጄን ጠየቃት። ቀስ ብሎ፣ እየሳቀ፣ በአማርኛ። ልጄ መሬት መሬቱን ታያለች። እኔ ለመንኳት። እንደማልቆጣት ማልኩላት። ጭራሽ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «ውጣ ከሆነ አሁኑኑ የምናደርገው ነገር አለ፤ ካልዋጠች ግን ባላሠቃያት ይሻላል። የምታናግረው ሰው የለም?»

የምታናግረው ሰው አለ። ስልኬን አውጥቼ ቁጥራቸውን ፈለግሁ። ማንኪራ ኔትወርክ ይቆራረጣል፤ አልነሳ አለ፣ ደገምኩት፣ ደገምኩት። በመጨረሻ የእትዬ ድምፅ መጣ፣ ከኋላቸው የአልቃሾች ድምፅ ይሰማል። የሆነውን ነገርኳቸው። «ጆሮዋ ጋ አድርጊልኝ» አሉኝ።

ስልኩን ወደ ልጄ ጆሮ አስጠጋሁት። ያን ጊዜ የሆነውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ልጄ እጇን ከፊቷ ላይ አነሳች። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ከዚያ ማውራት ጀመረች። እኔ ሰምቼው የማላውቀው ዓይነት ረጅም ወሬ ነው፤ እጇን ታወናጭፋለች፣ ትጠይቃለች፣ ትመልሳለች፣ መሐል ላይ ሳቀች። ሁሉም በካፊኖኖ ነው። እኔ ስልኩን ይዤ አፍ አፏን አያለሁ። ልጄ ትሞት ትድን እንደሆነ እየተናገረች ነው፤ እኔ እናቷ አጠገቧ ቆሜ አንዲት ቃል አልያዝኩም። ፍርሃቱ ነው ቅናቱ የባሰብኝ ብትሉኝ፣ በዚያች ሰዓት የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አልችልም ነበር።

ስልኩን መለስኩ።

«አልዋጠችም» አሉኝ እትዬ። «ላሟ ወልዳለች አለችኝ። እንገር ልታልብ ነው። ቢላ ስለሌላት በጥርሷ ቀደደችው። ሲመራት ተፋችው። እንዴት እንደተፋችም ነገረችኝ። አትፍሪ፣ መምህርት።»

ለሐኪሙ ነገርኩት። እሱም ከሰዓት በኋላ ድረስ አቆይቶ አያት። አንዴ አስመለሳት፣ ከዚያ ውሃ ጠጣች፣ ብስኩት ጠየቀች። ወደ ቤት ልንወጣ ስንል እትዬ በሆስፒታሉ በር ገቡ። ለቅሶውን ትተው፣ በሰው ሞተር ሳይክል መጥተው ነው። ጫማቸውም የቀሚሳቸው ጠርዝም አቧራ ለብሷል። ልጄ ከእጄ ወርዳ ሮጠች። እኔ ቦርሳዋን ተሸክሜ ከኋላ ሄድኩ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳቸው፣ ከልቤም ነበር፤ ግን ከዚያው ልብ ውስጥ፣ ምነው እዚያው ማንኪራ በቀሩ የሚልም ነገር ነበረ።

ከዚያ በኋላ ካፊኖኖ ለመማር ሞከርኩ። የሥራ ባልደረባዬ የሆነች የአገሩ ልጅ በእረፍት ሰዓት ታስተምረኛለች። «ነይ» እና «ብዪ» የሚለውን ይዤ ቤት ገብቼ ልጄ ላይ ሞከርኩት። ቆማ ሰማችኝ። ከዚያ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ በአማርኛ «እንደዚያ አይባልም» አለችኝ።

ለመስቀል የእትዬ ልጅ ከጅማ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ነፍሰ ጡር ሆና፣ እግሯ አብጦ ነው የመጣችው። መስቀል በካፋ ትልቅ በዓል ስለሆነ ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። እትዬ እንግዳ እያስተናገዱ እንኳ ልጄን ከጀርባቸው አላወረዷትም። በማግስቱ እኔ ቧንቧው ጋ ልብስ ሳጥብ የእትዬ ልጅ መጥታ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። አማርኛዋ ከእኔ እኩል ነው።

«እቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትስቂብኝ» አለችኝ።

«ምን?»

«ልጅሽ ላይ እቀናለሁ።»

ቀና አልኩ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ዓይኗ እንባ ይዟል።

«እኔን እማዬ እንዲህ አዝላኝ አታውቅም። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ገበያ ለገበያ ነበር የምትዞረው። ማር ትሸጣለች፣ ቡና ትሸጣለች። እኔን ጎረቤት ናት ያሳደገችኝ። እናቴ የምላት እሷን ነበር። እማዬ ስትመጣ ከአልጋ ሥር እደበቅ ነበር።»

የያዝኩት ቀሚስ ውስጥ ያለው ውሃ እየተንጠባጠበ ነው። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ላምስ ሠርታልሽ አታውቅም? የእምቧይ ላም?»

«እማዬ?» ብላ ሳቀች። «እሷማ እምቧይ ስታይ ትጥል ነበር። ላም የምትሠራልኝ ያቺው ጎረቤታችን ናት። ከነጡቷ። ትናንት ቅርጫቱን ሳይ ገርሞኛል፤ እማዬ ከየት ተማረችው?»

ልጅቷ ወደ ጅማ ከተመለሰች በኋላ አንድ ከሰዓት እትዬ ጓሮ ቅጠል ሲቆርጡ አጠገባቸው ቆምኩ። ልጄ እንቅልፍ ወስዷታል። እምቧዩ አዲስ ባወጣው አበባ ተሸፍኗል፣ ንቦች ገብተውበታል።

«እትዬ፣ ላሞቹን መሥራት ከማን ተማሩ?»

ቢላቸውን አቆሙ። ወደ እኔ አልዞሩም።

«ልጄን ካሳደገችልኝ ሴት።»

«አስተማረችዎት?»

«አላስተማረችኝም። እኔ በር ላይ ቆሜ አይ ነበር።» ቅጠሉን ቆረጡ፣ ሌላ ያዙ። «እንዳንቺ። አንቺ እንደምታይኝ።»

ልክድ አሰብኩ፣ አልቻልኩም።

«ያን ጊዜ ሴትዮዋን እንድትሞት ለምኛለሁ» አሉ። «አልሞተችም። እኔም ልጄም ቀብረናታል፣ አርጅታ ነው የሞተችው። አንቺስ እኔ እንድሞት ለምነሻል?»

«ኧረ በስመአብ፣ እትዬ!»

«እንድሄድልሽስ?»

ዓይኔን ወደ እምቧዩ መለስኩ። እሳቸው ሳቁ። ሳቃቸው ውስጥ ቂም አልነበረም። «እሄድልሻለሁ» አሉኝ። «ልጄ ልትወልድ ነው። ሄጄ አርሳታለሁ።»

የገና በዓል ሳይደርስ ሄዱ። ልጄ ታክሲው እስኪሰወር ቆማ አየች፣ አላለቀሰችም። ከዚያ ሦስት ቀን ከእኔ እጅ ምግብ አልበላ አለች። እኔ አፀደ ሕፃናት አስገባኋት፣ ከሰዓት ክፍለ ጊዜዬን ከሌላ መምህር ጋር ተለዋወጥኩ፣ ማታ ማታ አብሬያት መሬት ላይ መተኛት ጀመርኩ። ቀስ በቀስ መጣች። አንድ ቀን አፀደ ሕፃናቱ በር ላይ አይታኝ «እማዬ» ብላ ጮኸች። ከሌሎቹ ልጆች ሰምታ ይሆናል። ከየትም ትስማው፣ ግድ አልነበረኝም። መንገድ ላይ እያለቀስኩ ነው ይዣት የሄድኩት። ከዚያ ወዲያ ትከተለኛለች፣ ሽንት ቤት እንኳ ስገባ በር ላይ ትጠብቀኛለች። በረንዳ ላይ ተቀምጠን የእምቧይ ላም እንሠራለን፤ የእኔዎቹ ጡታቸው እየወደቀ ያስቸግራሉ፣ እሷ ታስተካክላለች። የፈለግሁትን ሁሉ አገኘሁ።

እትዬ በስልክ ይደውላሉ። መጀመሪያ ላይ ረጅም ያወሩ ነበር። ከዚያ ከበስተኋላ የሕፃን ለቅሶ መሰማት ጀመረ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ነቃ» ይሉና ይዘጋል። ልጄ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች ትቀራለች።

«ማን ነው የሚያለቅሰው?»

«የእትዬ የልጅ ልጅ ነው።»

«ታዝለዋለች?»

«አዎ፣ ታዝለዋለች።»

«በእኔ አንቀልባ?»

አንቀልባው የእትዬ ነው፤ የእሷ መሆኑን ማን ነገራት? ስልኩን ተቀብዬ ቻርጅ ላይ ሰካሁት። ያን ዕለት ሙሉ ቀን ተናድጄ ዋልኩ። በማን እንደተናደድኩ የገባኝ ማታ ሳህን ሳጥብ ነው። ጅማ ባለ፣ አይቼው በማላውቅ ጨቅላ ሕፃን ላይ ቀንቻለሁ። እትዬ ወር ቆይቼ እመጣለሁ ብለው ነበር። ወሩ አለፈ፣ በልጉ አለፈ፣ ክረምቱ ገባ። ልጄ መጠየቅ አቆመች። እኔ ግን ሳልናገር እጠይቅ ነበር፤ የእኔን ልጅ እንዲህ በቀላሉ የሚረሱ ከሆነ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ወሰዱብኝ እላለሁ።

በሚቀጥለው መስቀል ልጃቸውንና ሕፃኑን ይዘው መጡ። ልጄ ከእኔ ጀርባ ቆማ አየቻቸው። ቁመቷ ጨምሯል፣ የፊት ጥርሷ ወልቋል። እትዬ እጃቸውን ዘርግተው በካፊኖኖ ጠሯት። እሷም በአማርኛ «ደህና ዋሉ» አለቻቸው፤ አፀደ ሕፃናት እንደተማረችው፣ ለሽማግሌ እንደሚባለው አንገቷን ዝቅ አድርጋ። የእትዬ እጅ ትንሽ አየር ላይ ቆየ፣ ከዚያ ወደ ነጠላቸው ተመለሰ። ይህን ለማየት ስንት ጊዜ ተመኝቼ ነበር። ሳየው ግን ልጄን በትከሻዋ ይዤ ወደ ፊት ገፋኋት።

«ሂጂ» አልኳት። «ሂጂ ሳሚያቸው።»

ሄደች። እትዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፣ ሕፃኑ በአንድ ጭናቸው ላይ ነው። ሌላውን ጭናቸውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉላት። ልጄ ወጥታ ተቀመጠች። የሕፃኑ እናት ከጎኔ ቆማለች፤ ልጇ ከእትዬ እጅ ወደ እሷ አልመጣ ብሎ ሲያስቸግራት እንደነበር ቅድም አይቻለሁ። ሁለታችንም ቆመን እናያለን።

ልጄ ሕፃኑን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ጎንበስ አለች፣ የምትስመው መስሎን ነበር። ወፍራም ጭኑን በሁለት ጣቷ ይዛ አጥብቃ ቆነጠጠችው። ሕፃኑ ግቢውን በጩኸት አናወጠው፣ እናቱ ሮጣ ከእትዬ ጭን ላይ ነጠቀችው፣ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ላይ ተለጠፈ። ልጄ ባዶ በቀረው ጭን ላይ እግሯን ዘርግታ ተመቻችታ ተቀመጠች።

ልቆጣት ይገባ ነበር። አልተቆጣኋትም።